አንዲት መስመር የሰረዝኩባት ሌሊት

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወጉ ፐርል ስለሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰው በመካከላችሁ ካለ አይራቅ። የነገሩ ሥር ብድርና መዝገብ ነውና ዕድር የገባ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ቦታው ሜሪላንድ፣ ወሩ ጥር፣ ደጁ በረዶ ነው። እኔ የቤት ማሞቂያ ነዳጅ በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ከተቀጠርኩ ገና አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሥራዬ በየወሩ መጨረሻ የደንበኞችን ቢል የሚያወጣውን ፕሮግራም መንከባከብ ነው። ፕሮግራሙ በፐርል የተጻፈ፣ ከእኔ በፊት የብዙ ሰው እጅ ያረፈበት ነው። በዚያው ክፍል ሃያ ዓመት ኮድ የጻፉ አንድ ታላቅ ሰው ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እኔን ሲሰሙ ፈረንጆቹም ጋሼ ማለት ለምደዋል።

አሁን ባለታሪኮቹን ላስተዋውቃችሁ። በፕሮግራሙ ውስጥ ብዙ ክላሶች አሉ፤ ክላስ ማለት የአንድ ዓይነት ነገር መረጃና ሥራ በአንድነት የሚያዝበት ነው፤ ሥራዎቹን ሜተድ እንላቸዋለን። ለዛሬ ሁለት ክላሶች ይበቁናል። ስማቸውን በአማርኛ ልጥራው፤ አንዱ ደንበኛ፣ ሌላው ቢል። ደንበኛ የሰውየውን ስም፣ አድራሻና የቅናሽ መብት ይይዛል። ቢል ስንት ጋሎን እንደተቀዳ ቆጥሮ ስንት ዶላር እንደሚከፈል ያሰላል። ሁለቱም በየራሳቸው ፋይል ይኖራሉ፤ ፋይሉን ሞጁል እንለዋለን። አንድ ሞጁል ሌላውን ሲፈልግ አናቱ ላይ “ዩዝ” የምትል መስመር ይጽፋል። “ዩዝ ደንበኛ” ካለ ደንበኛን ጥራልኝ ማለቱ ነው።

ቢል የሚወጣው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ቀርቶኝ ነበርና እስከዚያ ኮዱን ላጽዳ አልኩ። ዋናውን ፕሮግራም ከፈትኩ። አናቱ ላይ “ዩዝ ደንበኛ”፣ ከሥሩ “ዩዝ ቢል” ይላል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከዚያች መስመር በታች ዋናው ፕሮግራም ደንበኛን በስሙ አንድም ጊዜ አይጠራም፤ የሚያናግረው ቢልን ብቻ ነው። ታዲያ የመጀመሪያዋ መስመር ምን ትሠራለች? ሰረዝኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ወዲያውም ወደቀ። የጻፈው ስሕተት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ “ደንበኛ በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ‘ኒው’ የሚባል ሜተድ አላገኘሁም፤ ምናልባት ደንበኛን ሎድ ማድረግ ተረስቶ ይሆን?”

የወደቀው እኔ በነካሁት ፋይል ላይ አልነበረም። የወደቀው ቢል ውስጥ ነው። ከፍቼ ሳየው ነገሩ ተገለጠልኝ። ቢል በሆዱ አዲስ ደንበኛ ይፈጥራል፤ አናቱ ላይ ግን “ዩዝ ደንበኛ” የሚል ነገር የለም። ፐርል ውስጥ አንድ ሞጁል አንዴ ከገባ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ላለው ሁሉ ገባ ማለት ነው፤ ማን እንደጠራው አይጠየቅም። ቢል ዕድሜውን ሙሉ ምድጃውን ሲያነድ የኖረው ከጎረቤት እሳት እየጫረ ነበር። ጎረቤትየዋ እኔ የሰረዝኳት መስመር ናት።

መልሼ ልጻፋት? ልቤ አልፈቀደም። የሚያነድ ሰው የራሱ ክብሪት ይኑረው አልኩና ቢል ፋይል አናት ላይ “ዩዝ ደንበኛ” ብዬ ጻፍኩ። በዚህ ሐሳብ ዛሬም አላፍርበትም፤ ትክክል ነበር። ሦስት ደንበኞች መርጬ ሞከርኩ፤ የሦስቱም ቢል ወጣ። ዋናውን ሥራ አስነሥቼ ሻይ ልቀዳ ሄድኩ። ስመለስ ፕሮግራሙ 212ኛው ደንበኛ ላይ ሞቶ ጠበቀኝ። “ደንበኛ ውስጥ ‘አጠጋጋ’ የሚባል ያልተፈጠረ ሰብሩቲን ተጠራ” ይላል።

አጠጋጋ የቢል ንብረት ናት። ሳንቲሙ ሲበጣጠስ የምታጠጋጋ ትንሽ ፈንክሽን ናት፤ ፐርል ፈንክሽንን ሰብሩቲን ይለዋል። ቢል ለሌሎች ያውሳታል። ደንበኛም ቅናሽ ሲያሰላ ይዋሳታል፤ ለዚሁም ፋይሉ አናት ላይ “ዩዝ ቢል” ብሎ ጽፏል። መስመሯ ዓይኔ እያያት አለች። ፈንክሽኗም ቢል ውስጥ አለች። ፐርል ግን የለችም ይለኛል። እኔ የሞከርኳቸው ሦስቱ ሰዎች ቅናሽ አልነበራቸውም፤ 212ኛው ግን ነበረው።

እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ስልክ መታሁ። “ጋሼ ይቅርታ፣ ተኝተው ነበር?”

“ምን ሰረዝሽ?” አሉኝ። ምን ሆንሽ እንኳ አላሉም። ነገርኳቸው። “መጣሁ” ብለው ዘጉ።

በረዶውን ከካፖርታቸው አራግፈው፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኮዱን ገና አላዩም። ወረቀት አምጪ አሉኝ። በወረቀቱ ላይ ሁለት ቤት ሳሉ፤ አንዱን ደንበኛ፣ አንዱን ቢል አሉት። ጥግ ላይ ደግሞ መዝገብ ሳሉ።

“ፐርል ሁለት ነገር አለው” አሉ። “አንደኛው @ኢንክ ይባላል፤ ሞጁል የሚፈለግባቸው የፎልደሮች ዝርዝር ነው። አሁን እሱን ተይው። ሁለተኛው %ኢንክ ነው፤ የገቡ ፋይሎች ስም የሚጻፍበት መዝገብ። ‘ዩዝ’ ሲባል ፐርል መጀመሪያ መዝገቡን ያያል። ስሙ ካለ ገብቷል ብሎ ያልፋል። ከሌለ ፋይሉን ፈልጎ ያነባል። አሁን እኔን ስሚኝ፤ ስሙን የሚጽፈው መቼ ይመስልሻል?”

“አንብቦ ሲጨርስ?”

“አይደለም ልጄ። ሊያነብ ሲነሣ ነው። ሰውየው ከቤቱ ገና እግሩን ሲያነሣ የዕድሩ ጸሐፊ ‘ተገኝቷል’ ብሎ ይጽፍለታል።”

ከዚያ እርሳሱን ይዘው መንገዱን አስጓዙኝ። ዋናው ፕሮግራም ቢልን ይጠራል። ፐርል “ቢል” ብሎ መዝገብ ላይ ይጽፍና ፋይሉን ማንበብ ይጀምራል። አናቱ ላይ እኔ የጻፍኳት “ዩዝ ደንበኛ” አለች። ቢልን እዚያው አቁሞ ወደ ደንበኛ ይሄዳል። ደንበኛ አናት ላይ ደግሞ “ዩዝ ቢል” አለች። መዝገቡን ያያል፤ ቢል ተጽፏል። ስለዚህ ወደ ቢል አይመለስም። ቢል ግን ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆሟል።

“እሺ፣ አጠጋጋስ?”

“‘ዩዝ’ ፋይል ከማስገባት ሌላ ሥራም አለው። ፋይሉ ከገባ በኋላ ‘ኢምፖርት’ የሚባለውን ሜተድ ይጠራል፤ የሚዋሰው ዕቃ የሚሰጠው በእሱ ነው። እዚህ ቢል ውስጥ ምን ዕቃ እንደሚዋስ የሚናገሩት መስመሮች የታሉ? ታች ናቸው። ደግሞ የሚሠሩት ፋይሉ ተነብቦ አልቆ መሮጥ ሲጀምር ነው። ደንበኛ ጉሊት ሲደርስ ቢል ጆንያውን ገና አልፈታም።”

“ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልጮኸም?”

እዚህ ላይ ጋሼ ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። “ኢምፖርት የሚባል ሜተድ ባያገኝ ፐርል ምንም ሳይል እንዲያልፍ ነው የተሠራው። ብዙ ክላስ የሚያውሰው ነገር የለውምና ሕጉ ሲወጣ ምክንያት ነበረው። ደንበኛ ባዶ ዘንቢል ይዞ ተመለሰ። አጠጋጋን እስኪጠራት ድረስ ባዶ መሆኑን አያውቅም። እኔ ይህን ቋንቋ እወደዋለሁ፤ ይህን ዝምታውን ግን አልወደውም።”

እኔም አልወደውም። ሰው ፐርልን ባልሆነ ነገር ሲያማው እከራከራለሁ፤ በዚህ ግን አልከራከርም።

አሁን ያቺ የሰረዝኳት መስመር ለዓመታት ምን ስትሠራ እንደኖረች ይታያችኋል። ዋናው ፕሮግራም ደንበኛን አስቀድሞ ሲጠራ፣ ደንበኛ ቢልን ይጠራል፤ ቢል ያኔ ማንንም አይጠራም ነበርና ከላይ እስከ ታች ተነብቦ ያልቃል፤ ዕቃውን ዘርግቶ ሲጨርስ ደንበኛ ይዋሳል። ደህና ሆኖ የኖረው በሰልፉ ነው። ማን ቀድሞ እንደገባ ያወቀ ፕሮግራመር አልነበረም፤ ካወቀም ለሚቀጥለው ሰው አልጻፈለትም።

“ጋሼ፣ አሁን ቢሉ ለጠዋት መድረስ አለበት” አልኩ።

“ይደርሳል። ቢል ደንበኛን የሚፈልገው የት ነው?”

አሳየኋቸው። አንዲት ሜተድ ውስጥ ብቻ ነው።

“በይ እኔ የምልሽን ጻፊ። አናቱ ላይ ያለችውን ‘ዩዝ ደንበኛ’ አንሺ። እዚያች ሜተድ ውስጥ ግቢና ‘ሪኳየር ደንበኛ’ በይ።”

ዩዝና ሪኳየር ወንድማማች ናቸው። ዩዝ ፐርል ኮዱን ገና ሲያነብ፣ ማንም ሳይሮጥ ይፈጸማል። ሪኳየር ግን ፕሮግራሙ ሲሮጥ፣ ተራው ሲደርስ ነው የሚፈጸመው። ያቺ ሜተድ በምትጠራበት ሰዓት ቢል ተነብቦ አልቋል፤ ጆንያው ተፈቷል፤ ዕቃው ተዘርግቷል። ያኔ ደንበኛ ቢጠራና እሱ በተራው “ዩዝ ቢል” ቢል አጠጋጋን ያገኛታል። ሜተዷ ሺህ ጊዜ ብትጠራ ሪኳየር ሺህ ጊዜ ፋይል አያነብም፤ ከመጀመሪያው በኋላ መዝገቡን አየት አድርጎ ያልፋል።

አንዲት መስመር አንሥቼ አንዲት መስመር ጻፍኩ። ፕሮግራሙን አስነሣሁት። 212ኛው አለፈ። 213ኛው አለፈ። እኔ እንባዬ ቀረበ፤ ጋሼ ሻይ አለ ወይ አሉ።

ቢሉ እስኪወጣ ያወጉኝን ነው ከሁሉ በላይ የማስታውሰው። ይህን ቋንቋ የሠራው ላሪ ዎል ይባላል፤ የመጀመሪያውን ፐርል ያወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1987 ነው። ሰውየው የቋንቋ ጥናት ተማሪ ነበር። ከባለቤቱ ጋር በበርክሌይ ሲማሩ ሐሳባቸው ፊደል የሌለው ቋንቋ፣ ምናልባትም አፍሪካ ውስጥ፣ ፈልገው ፊደል ሊቀርጹለትና መጽሐፍ ቅዱስን ጨምሮ መጻሕፍት ሊተረጉሙበት ነበር። በጤና ምክንያት ሳይሆን ቀረ፤ እሱም ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ለቋንቋው ያሰበለት ስም ዕንቁ ማለት ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ነጋዴው ያለውን ሁሉ ሸጦ የገዛት ዕንቁ። በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ቋንቋ ስለነበር አንድ ፊደል ቀነሰ። ክላስና ኦብጀክት የገቡት በ1994 በወጣው ፐርል 5 ነው። አንድን ተራ ዳታ ወስዶ የክላስ አባል የሚያደርገው ትእዛዝ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? “ብለስ” ይባላል፤ ባርክ ማለት ነው።

“የሰውየው ሐሳብ አፍሪካ አልደረሰም” አሉ ጋሼ፣ “ቋንቋው ግን ለፊደላችን ደረሰ። ዳንኤል ያዕቆብ በግዕዝ ፊደል ላይ ፍለጋ ለማድረግ የሚረዳ የፐርል ሞጁል ጽፎ ሲፓን ላይ አኑሯል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ብለሽ በረድፍ መፈለግ ትችያለሽ።” ሲፓን ማለት ከ1995 ጀምሮ የዓለም የፐርል ጸሐፊዎች ሞጁላቸውን በነፃ የሚያስቀምጡበት ጎተራ ነው።

ሊነጋ ሲል ቢሉ አለቀ። ጋሼ ካፖርታቸውን ደርበው በር ላይ ቆሙ። “ሌሊቱን አሳደረን እንጂ አልዳነም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። አጠጋጋ ምን ሆና ነው ቢል ቤት የምትኖረው?”

በማግስቱ ገባኝ። ደንበኛ ቢልን የሚፈልገው ስለ ቢልነቱ አልነበረም፤ ለአንዲት የማጠጋጊያ ፈንክሽን ሲል ብቻ ነው። አጠጋጋን አውጥቼ “ሒሳብ” የሚባል የራሷ ፋይል ሠራሁላት። ሒሳብ ማንንም አይጠራም፤ ሁለቱም ሒሳብን ይጠራሉ። የመጠራራቱ ክብ ተቆረጠ። ያኔ ሪኳየሩን ከሜተዷ አውጥቼ “ዩዝ ደንበኛ” ብዬ ቢል አናት ላይ፣ ሁሉ ሰው በሚያየው ቦታ፣ መልሼ ጻፍኩ። ልብ በሉልኝ፣ ሁለት ክላሶች ሜተድ ብቻ የሚጠራሩ ከሆነ እርስ በርስ ዩዝ ቢባባሉ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ሜተድ የሚፈለገው በሩጫ ሰዓት ነውና። ያቃጠለን የመዋዋሱ ነገር ነበር። ለመለያየት የማይመቹ ክላሶችም አሉ፤ ወላጅ ክላስ ልጆቹን የሚፈጥርበት ቦታ አንዱ ነው። እዚያ ሪኳየርን ሜተድ ውስጥ ማኖር ነውር የለውም፤ ከጎኑ ግን ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ይጻፍ።

ወጉ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ደወለ፤ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ሴት መስመር ላይ አሉና እባክሽ አናግሪልን አሉኝ። ስልኩን ተቀበልኩ።

“ጤና ይስጥልኝ እማማ።”

“ሐበሻ ነሽ? ተመስገን! ልጄ፣ ክፍያዬን በየወሩ ከባንኬ ትወስዳላችሁ። አልከፈልሽም የሚል ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መጣብኝ። እንዳይቆርጡብኝ ብዬ ማሞቂያውን ዝቅ አድርጌ በጋቢ ተቀምጫለሁ።”

ደጁ በረዶ ነው፤ ነግሬያችኋለሁ። ማሞቂያውን አሁኑኑ ከፍ ያድርጉት፣ ማንም አይቆርጥብዎትም ብዬ ለመንኳቸው። ከዚያ ወደ ኮዱ ሮጥኩ።

ክፍያ የሚቀበሉ ሦስት ክላሶች አሉን፤ ካሽ፣ ቼክና ባንክ። የትኛው እንደሚጠራ ከዳታቤዝ በሚመጣ ስም ይወሰናል። ሪኳየር በኮድ ላይ በቀጥታ የተጻፈ የክላስ ስም ሲያገኝ ራሱ ወደ ፋይል ስም ይቀይረዋል። በጥቅስ የታሰረ ወይም ከቫሪያብል የመጣ ጽሑፍ ሲሰጡት ግን እንዳለ የፋይል ስም አድርጎ ይፈልገዋል፤ ሁለት ነጥቦቹን ወደ ስላሽ መቀየርና መጨረሻው ላይ ‘.ፒኤም’ መጨመር የጸሐፊው ሥራ ነው። የቀደመው ሰው ይህን በደንብ ሠርቶታል። ከዚያ ግን ሪኳየሩን “ኢቫል” ውስጥ ጠቀለለው። ኢቫል ስሕተት ሲነሣ ፕሮግራሙ እንዳይሞት የሚይዝ ቅርጫት ነው። ክላሱ መግባት ካልቻለ ቼክ በሚለው ይቀጥል ብሎ ጻፈ፤ ቅርጫቱ ውስጥ ምን እንደወደቀ ግን የሚያይ የለም።

ፕሮግራሙን በዚያው ወር ወደ አዲስ ሰርቨር አዛውረነው ነበር። ባንክ የሚባለው ክላስ ራሱ ሌላ ከሲፓን የመጣ ሞጁል ይፈልጋል፤ ያ ሞጁል አዲሱ ሰርቨር ላይ አልተጫነም። ስለዚህ ባንክ ፋይሉ እያለ መግባት አቃተው፤ ኢቫል ስሕተቱን ዋጠው፤ ከባንክ የሚከፍለው ሰው ሁሉ ቼኩ ያልደረሰ ሰው ሆኖ ተቆጠረ።

ስሕተቱን ወደ ሎግ እንዲጽፍ አደረግሁና የመጨረሻውን መስመር አነበብኩ። “ባንክን ደግሞ የመጫን ሙከራ ተቋርጧል” ይላል። ምኑ ተቋረጠ? ሁለት ሰዓት ባንክ ፋይል ውስጥ ስባዝን ጋሼ ከኋላዬ መጡ።

“የመጨረሻውን ለምን ታነቢያለሽ? የመጀመሪያውን አንብቢ። ሞጁል መሐል ላይ ሲሰበር ፐርል በመዝገቡ ላይ ስሙን ትቶ ዋጋውን ባዶ ያደርገዋል። ሁለተኛ ስትጠሪው እንደገና አይሞክርም፤ ቀድሞ ተሰብሯል ብቻ ይልሻል። እውነቱን የተናገረው አንድ ጊዜ ነው።”

ወደ ላይ ሄድኩ። በመጀመሪያው ባንክ ከፋይ ላይ፣ የጎደለው ሞጁል ስምና የተፈለገባቸው የ@ኢንክ ፎልደሮች በሙሉ ተዘርዝረው ተቀምጠዋል። ሞጁሉን ጫንኩ። ኢቫሉንም እንዳለ አልተውኩትም። አሁን ስሕተት ሲይዝ ጽሑፉን ያነባል፤ አልተገኘም የተባለው ራሱ የጠራነው ፋይል ከሆነ ብቻ ወደ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ሌላ ማንኛውም ነገር ከሆነ ጮኾ ይሞታል። ስም መቀየሩን ደግሞ በእጅ መጻፍ ትቼ “ሞጁል ሎድ” ለሚባል ሞጁል ሰጠሁት፤ ከ2007ቱ ፐርል 5.10 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።

ለእማማ ደወልኩ። ማሞቂያውን ከፍ አድርገዋል። ሒሳብዎ ተስተካክሏል፣ ደብዳቤዎቹን ይቅደዷቸው አልኳቸው።

“ጥፋቱ የማን ነበር ልጄ?”

“የእኛ ነው እማማ። ይቅርታ ያድርጉልን።”

መርቀውኝ ዘጉ። ስልኩን አስቀምጬ ኢቫል የሚለውን ቃል በመላው ኮድ ውስጥ ፈለግሁት። 63 ቦታ ተገኘ። ጋሼ ዝርዝሩን በትከሻዬ ላይ አነበቡት፤ ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ።

“ከላይ እንጀምር” አሉ።